ከነርቭ ሕመም ጋር የሚኖር አእምሮ፦ የሥነ ልቦና ሕክምና በመልቲፕል ስክለሮሲስ

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚሸፍነውን ማይሊን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1868 ለይቶ ካስረዳ ወዲህ የምርምሩ ዓይን በአብዛኛው ያረፈው ነርቩ ላይ ነው። ይሁንና ከታማሚዎቹ እስከ ግማሽ የሚደርሱት በሕይወት ዘመናቸው ድባቴ ያጋጥማቸዋል። በእኔ እምነት የሥነ ልቦና ሕክምና የመጨረሻ መጽናኛ ተደርጎ መቆየት የለበትም፤ ከመድኃኒቱ እኩል ገና ከጅምሩ መታዘዝ አለበት።

ከድካም እንጀምር። «ደከመኝ» የሚለውን ቃል ከሥራ የገባም፣ ያዘነም፣ የታመመም ሰው ይለዋል። ስለዚህ ታማሚዋ ስትለው ቤተሰቡ «አረፍ በይ፣ ይለቅሻል» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ሕመም ድካም ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ላደረ ሰው እንኳ ላይለቅ ይችላል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አንዲት መምህርት እናስብ። ዛሬ ቀለል ብሏት የሳምንቱን ልብስ ታጥባለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ፈተና ስታርም ታመሻለች። በማግስቱ ከአልጋ መነሣት ያቅታትና ሦስት ቀን ትተኛለች። በአራተኛው ቀን የተጠራቀመውን ለመጨረስ ትጣደፋለች፤ እንደገና ትወድቃለች። «ከእንግዲህ ለምንም አልረባም» የሚለው ሐሳብ ሥር የሚሰደው በዚህ መሐል ነው።

ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው ሕክምና ይህን አዙሪት በደብተር ይይዘዋል። መምህርቷ በየሰዓቱ የሠራችውንና የድካሟን መጠን ከአሥር ትጽፋለች። ከዚያ ሥራዋን በደህናውም በክፉውም ቀን ተቀራራቢ አድርጋ ትከፋፍላለች፦ ወረቀቱን አሥር አሥር እያደረገች ታርማለች፣ ዕረፍቱንም ሳይደክማት በፊት ትወስዳለች። «ለምንም አልረባም» ያለችውንም ሐሳብ በዚያው ሳምንት ከሠራችው ጋር ታስተያየዋለች። በኒውዚላንድ 72 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ይህን ሕክምና ሰውነትን ከማፍታታት ልምምድ ጋር አነጻጽሯል። በሁለቱም ወገን ድካሙ ቀንሷል፤ በመጀመሪያው ወገን ግን ይበልጥ ቀንሷል።

ድባቴን በተመለከተ ዴቪድ ሞር የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ባልደረቦቻቸውን ይዘው የሥነ ልቦና ሕክምናን በስልክ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናት 127 ታማሚዎች ለ16 ሳምንታት እየተደወለላቸው ታክመው ድባቴያቸው ቀለል ብሎላቸዋል። መራመድ ለከበደው ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ከሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሐሳብን ሳይፈርዱ በአሁኗ ቅጽበት ላይ የማሳረፍ ልምምድም፣ ማይንድፉልነስ የሚባለው፣ በስዊዘርላንድ 150 ታማሚዎች ላይ ተፈትሿል። የስምንት ሳምንቱ ሥልጠና የኑሮ ጥራትን አሻሽሏል፤ ጥቅሙም ከስድስት ወር በኋላ ታይቷል። የተነጻጸረው ከተለመደው እንክብካቤ ጋር ብቻ ስለሆነ ግን ከውጤቱ ምን ያህሉ ከልምምዱ፣ ምን ያህሉ ከቡድኑ አብሮነት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሞርና የባልደረቦቻቸው የ2012 ሥራ ነው። 121 ታማሚዎችን በሁለት መድበው ለአንደኛው ወገን ለ24 ሳምንታት የጭንቀት መቆጣጠሪያ ሕክምና ሰጡ። በኤምአርአይ ሲታዩ ከታከሙት 77 ከመቶ ያህሉ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 55 ከመቶ ያህሉ ብቻ አዲስ የአንጎል ቁስለት አልነበረባቸውም። ሕክምናው ቆሞ ሌላ 24 ሳምንታት ሲያልፉ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ይህ ሕክምናውን የሚያጣጥል አይመስለኝም፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው መከላከያው ቢቀርበት ማንም አይገረምም። ሊታሰብበት የሚገባው የመጨረሻው ቀጠሮ ካለቀ በኋላ ለዚያች መምህርት በየወሩ የሚደውልላት ማን እንደሆነ ነው።