ተናጋሪው ንጉሥ

ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ ባለችበት ቦታ፣ ሐይቅ መካከል ተቆርቁራ የነበረችውን የአዝቴኮች ከተማ ቴኖችቲትላንን የሚገዛው ሰው ማዕረጉ «ትላቶአኒ» ነበር። በቋንቋቸው በናዋትል «ኢቶአ» አለ፣ ተናገረ ማለት ነው። ከፊቱ «ትላ» ሲገባ «ነገር ተናገረ» ይሆናል፤ «ኒ» ደግሞ ሥራውን ልማዱ ያደረገውን ሰው ያመለክታል። ቃል በቃል ብንፈታው «ነገረኛ» ሊመጣብን ነው፤ «ተናጋሪ» ብለን እንለፈው። እኛ ዘንድ አፈ ንጉሥና ንጉሥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እዚያ ግን አፉም ንጉሡም አንድ ነው።

ከሥሩ ያሉት መኳንንት «ፒፒልቲን» ይባላሉ፤ አንዱ «ፒሊ» ነው። ይኸው ቃል «የእኔ» የሚል ምዕላድ ቀድሞት «ኖፒል» ሲሆን «ልጄ» ማለት ይሆናል። ብቻውን ሲቆም መኳንንት፣ ባለቤት ሲያገኝ ልጅ! ለአማርኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም፤ «ልጅ ኢያሱ» ስንል ዕድሜ መቁጠራችን አይደለም። አዝቴኮች ለድሃ ልጅም ጠባብ በር ትተው ነበር፤ በጦር ሜዳ ምርኮኛ እየያዘ ስም ያተረፈ ተራ ሰው «ኳውፒሊ»፣ የንስር ልጅ፣ ይባል ነበር።

ነጋዴዎችና ባለእጆች ስማቸውን ያገኙት ከአገር ነው። እኛ ጎንደሬ፣ ሸዌ እንደምንለው፣ ናዋትል «ቴካትል» የሚል ቅጥያ አለው። የአዝትላን ሰው አዝቴካትል ነው፤ የቶላን ሰው ቶልቴካትል። የቶላን ሰዎች በእጅ ጥበባቸው ስለታወቁ «ቶልቴካትል» ውሎ አድሮ የትም ይወለድ የት ለጥበበኛ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የሩቅ አገር ነጋዴውም «ፖችቴካትል»፣ የፖችትላን ሰው፣ ተባለ። ይህ ሰው ሀብቱ ከብዙ መኳንንት ቢበልጥም ልጅነቱ አልነበረውምና አንገቱን ደፍቶ ይኖር ነበር። መነኩሴው በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ባሰባሰበው መጽሐፍ እንደተተረከው፣ ከጉዞ ሲመለስ ሌሊት በታንኳ ይገባል፤ ዕቃውን ዘመድ ቤት ያራግፋል፤ ንብረቱ የእኔ አይደለም ይላል። በማግስቱ ያረጀ ሸማ ለብሶ ይወጣል።

ከቀረው ሕዝብ አብዛኛው «ማሴዋሊ» ነው። በእ.ኤ.አ. 1571 ትልቁን የናዋትል መዝገበ ቃላት ያሳተመው አሎንሶ ደ ሞሊና ቃሉን «ገባር» ብሎ ፈታው። ትክክል ነው፤ ግብር የሚከፍለውም ጉልበቱን የሚሰጠውም እሱ ነበር። ሥሩ ግን «ማሴዋ» ነው፤ ሱባኤ ገብቶ፣ ራስን ጎድቶ የሚሹትን ማግኘት። በ1558 በናዋትል የተጻፈው «የፀሐዮች ታሪክ» እንደሚለው፣ አምላኩ ኬትሳልኮአትል የቀደሙትን ሰዎች አጥንት ከሙታን አገር አምጥቶ ደሙን አንጠባጠበበት፤ ሌሎቹ አማልክትም አብረው ሱባኤ ገቡ። በዚህ ድካም የተወለዱት «ማሴዋልቲን»፣ ማሴዋሊዎች፣ ተባሉ። በዚህ ፍቺ ከሄድን ማሴዋሊ ያልሆነ ሰው የለም፤ ትላቶአኒውም ጭምር። ቃሉ ከዚህ ወርዶ «ተራ ሰው» መሆኑን የመኳንንቱ ሥራ አድርጌ ነው የማየው።

በሜክሲኮ የፑዌብላ ተራሮች፣ በኩዌትሳላን በኩል፣ ናዋትል ተናጋሪዎች ዛሬም ራሳቸውን «ማሴዋል» ይላሉ። ቋንቋቸውም «ማሴዋልታህቶል» ነው። በእነሱ ቀበልኛ «ትል» የሚለው ድምፅ «ት» ሆኗል፤ ስለዚህ «ታህቶል»፣ ንግግር፣ ያ «ትላቶአኒ» ከወጣበት ሥር የመጣ ነው።