ትንሿ ሞተር ሳይክል ሩቅ ትሄዳለች

ረጅም መንገድ ትልቅ ሞተር ይፈልጋል ሲባል እንሰማለን። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ ውስጥ ስትወጣ 123 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ማርሽ ነበረች፤ አቅሟ 5 የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ንድፏ በጦር ካሳ ከጀርመኑ ዲ.ኬ.ደብሊው. የተወሰደ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፔጊ አይሪስ ቶማስ በዚህችው ባንታም ካናዳን፣ አሜሪካንና ሜክሲኮን አቋረጠች። ከኋላዋ በተገጠመው ሳጥን ውስጥ ትልቁ ውሻዋ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለችውን ሞተር ለጉዞ ስናሰናዳ ከሁሉ በፊት የምናየው ጓዙን ነው፤ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቀላቀል እሱን መያዝ ግድ ነው። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጎ ማሰር፣ የማያስፈልገውን ቤት መተው። ቶማስ የማያስፈልገው ውስጥ ውሻዋን አልቆጠረችም። እኛም ምን እንደምንተው እንጂ ስንት ሲሲ እንደምንገዛ አንጨነቅ።