ስሙ የማይጠራው ሥር

አያቴ ሆዳችንን በቆረጠን ቁጥር አንድ ሥር ቀጥቅጣ፣ አፍልታ እንደ ሻይ ታጠጣን ነበር። ምን እንደሆነ ስንጠይቃት «ስሙ ከተጠራ አይሠራም» ትለናለች። አያቴ አረፈች፤ የሥሩም ስም አብሯት ተቀበረ።

ይህን ያስታወሰኝ የሌላ አፍሪካዊ ሥር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ቻርልስ ስቲቨንስ የተባለ የሳንባ ሕመምተኛ እንግሊዛዊ አየር ለመለወጥ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚያ አንድ ባህላዊ ሐኪም ሥር አፍልቶ አጠጣው። ስቲቨንስ «ዳንኩ» ብሎ አገሩ ተመለሰና ምንነቱን ደብቆ የነቀርሳ ፈውስ ነው እያለ ይቸበችበው ጀመር። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር አጥብቆ አወገዘው። በእርግጥም ሥሩ ነቀርሳን ማዳኑ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ተክሉ ፔላርጎኒየም ሲዶይደስ መሆኑን የጀርመን ተመራማሪዎች የለዩት በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ ሽዋቤ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለብሮንካይትስ ይሸጠዋል።

ኩባንያው ከሥሩ መድኃኒቱን ለሚያወጣበት ዘዴ ከአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ፓተንት አግኝቶ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የአሊስ ማኅበረሰብ ከተሟጋች ድርጅቶች ጋር ሆኖ ተቃወመ፤ በ2010 ቢሮው «አዲስ ፈጠራ የለበትም» በማለት ፓተንቱን ሰረዘው። በጤፋችን ላይ የተሰጠውንም ፓተንት በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ምክንያት ውድቅ አድርጎታል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ስለ ፓተንት የማውቀው አንድ ነገር አለ። የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ብቻ ነው። አዲስ አለመሆኑን ለማሳየት ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው ማስረጃ ቀን ያለበት ጽሑፍ ነው። በቃል ብቻ ያለ እውቀት ቢኖርም ማረጋገጡ ዳገት ነው። አባቶቻችን መድኃኒትን የደበቁት ከሌባ ለመጠበቅ ይሆናል። ዛሬ ግን ያው ምሥጢር ለሌባው ከለላ ሆኖታል።

«ከጻፍነው በቀላሉ ይሰረቃል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ፓተንቱ መሰረዙም ኩባንያውን ከመሸጥ አላገደውም። አገራችን የማኅበረሰብ እውቀትን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 482ን በ2006 አውጥታለች። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው መኖሩ የታወቀውን ነው፤ ከባለቤቱ ጋር የተቀበረውን ማን ይጠብቀዋል?

ውድ አንባቢ፣ አገር ቤት ስትደውሉ ከገንዘቡና ከሰላምታው ቀጥሎ የሥሩን ስም ጠይቁ፤ የሰማችሁበትን ቀንም ጽፋችሁ አስቀምጡ። እኔ ዘግይቻለሁ።