ከሂሊየም ገንዳ ወደ ደረቅ ቅዝቃዜ

ሆላንዳዊው ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ በ1908 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በላይደን ከተማ ሂሊየምን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። በ1911 ዓ.ም. በዚሁ ፈሳሽ ባዜቃን ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያቀዘቅዘው፣ ባዜቃው ኤሌክትሪክን የመገደብ ጠባዩ ድንገት ጠፋ። ሱፐርኮንዳክተር የሚባለው ነገርና ፈሳሽ ሂሊየም እንግዲህ ከመነሻቸው ጀምሮ የተቆራኙ ናቸው።

ቁርኝቱ በ1980ዎቹ ከኤም.አር.አይ. ጋር ወደ ሆስፒታል ገባ። ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም ቅልቅል በተሠራ ሽቦ የተጠመጠመው ማግኔት 1,500 ሊትር ያህል ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ሽቦው በአንድ ስፍራ ጥቂት ቢሞቅ ሙቀቱ ይዛመትና ፈሳሹ ፈልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይበንናል። መሣሪያውን መልሶ ለማስነሣት ሂሊየም መግዛት ግድ ይሆናል፤ ሂሊየም ግን በአብዛኛው የሚገኘው ጥቂት አገሮች ከሚያወጡት የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ከዚህ ጥገኝነት የመላቀቂያው መንገድ የተጀመረው በ1960 ግድም ጊፎርድና ማክማሆን በአሜሪካ በፈለሰፉት ማቀዝቀዣ ነው። ይኸውም ሂሊየም ጋዝን በዝግ ቧንቧ ውስጥ እያመቀና እያስፋፋ ሙቀትን ያወጣል። ይሁን እንጂ በውስጡ ሙቀትን ተቀብሎ የሚመልሰው እርሳስ በከፍተኛ ብርድ ይህን ችሎታውን ስለሚያጣ፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ 10 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይገታ ነበር። በ1990 ግድም የጃፓን ተመራማሪዎች የኤርቢየምና የኒኬል ውሕድ ቢጠቀሙ እስከ 4 ዲግሪ መውረድ ተቻለ። ከዚህም የተነሣ ማግኔቱን በፈሳሽ መንከር የግድ መሆኑ ቀረ። በ2018 ዓ.ም. ፊሊፕስ 7 ሊትር ሂሊየም ብቻ የያዘ፣ ፈጽሞ የታሸገ ባለ 1.5 ቴስላ መሣሪያ አቀረበ።

ነገር ግን የሂሊየሙ ገንዳ ወጪ ብቻ አልነበረም፤ የቅዝቃዜ ጎተራም ነበር። መብራት ቢጠፋ ፈሳሹ እየተነነ ማግኔቱን ለቀናት ያቆየዋል። ጎተራ የሌለው ማግኔት በሰዓታት ውስጥ ይሞቃል፤ በአንጻሩ መብራቱ ሲመለስ ሂሊየም ሳይገዛለት እንደገና ይቀዘቅዛል። ጥገኝነቱ ስለዚህ አልጠፋም፤ ከሂሊየም ነጋዴ ወደ ኤሌክትሪክ መስመር ተዛወረ እንጂ። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ መሣሪያ የሚመርጥ ባለሙያ ስንት ሊትር ይፈልጋል ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ያለ መብራት ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ከሞቀስ በኋላ በስንት ቀን ለሕመምተኛ ይደርሳል ብሎም መጠየቅ ይገባዋል።