በመሣሪያቸው ስም የተጠሩ ልጆች

ክላሲካል ሙዚቃ የሀብታም ልጆች ነገር ነው ሲባል እንሰማለን። በማኅበራችን ስብሰባም ለልጆቻችን የቅዳሜ የሙዚቃ ትምህርት ገንዘብ ይመደብ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ፣ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው የጠየቁ እህቶች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ሙዚቃ በአንድ ወቅት የማንም ያልሆኑ ሴት ልጆች እንጀራ ነበርና ታሪካቸውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጣሊያን፣ በውሃ መካከል በተሠራችው በቬኒስ ከተማ፣ በ1346 ፒየታ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋቋመ። ስሙ ርኅራኄ ማለት ነው። በግድግዳው ላይ መስኮት መሰል ክፍተት ነበረው፤ ልጇን ማሳደግ ያልቻለች እናት ማንም ሳያያት ሕፃኑን እዚያ አስቀምጣ ትሄዳለች። አንዳንዷ ሜዳሊያ ወይም ሥዕል ለሁለት ከፍላ ግማሹን ከልጇ ጋር ትተወዋለች፤ ግማሹን እሷ ትይዛለች። ቀን ወጥቶላት ከተመለሰች ልጇን የምትለይበት ምልክት ነው።

ወንዶቹ ሲጎረምሱ የእጅ ሙያ ተምረው ይወጣሉ። ሴቶቹ ግን ካላገቡ ወይም ገዳም ካልገቡ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ናቸው። ብዙዎቹ በስፌትና በቤት ሥራ ይውላሉ። ጥሩ ድምፅና ጆሮ ያላቸው ጥቂቶች ደግሞ ለመዘምራን ክፍል ይመረጣሉ። የተመረጠችው ልጅ ከሌሎቹ የተሻለ ትበላለች፣ ስምም ታገኛለች። እኛ በአባታችን ስም እንጠራለን፤ እነርሱ አባታቸውን ስለማያውቁ በመሣሪያቸውና በድምፃቸው ተጠሩ። አና ማሪያ ባለቫዮሊኗ፣ ፓውሊና ባለቴነሯ፣ አኔታ ባለባሷ። አዎን፣ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ የሚዘምሩትም ሴቶች ነበሩ።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሲጫወቱ ከፍ ባለ ቦታ፣ ከብረት ፍርግርግ በስተጀርባ ስለሚቆሙ ሕዝቡ ፊታቸውን አያይም። በቤተ ክርስቲያን ማጨብጨብ ስለማይፈቀድም ደስ ያለው አድማጭ ያስላል፣ ወንበሩን ያንቋቋል ይባላል። ከመላው አውሮፓ እንግዳ ይጎርፍ ነበር። የወንበር ኪራዩ፣ ስጦታውና የኑዛዜው ገንዘብ የቀሩትንም ሕፃናት ያሳድጋል። ስለዚህ ልጆቹ ጧሪ ብቻ የሚጠብቁ አልነበሩም፤ ቤቱን ራሳቸው ይደጉሙ ነበር።

ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ይህን ቤት የሚያውቀው በአንቶኒዮ ቪቫልዲ ነው። ቪቫልዲ በ1703 የቫዮሊን አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ብዙ ድርሰቶቹንም ለእነዚህ ልጆች ጻፈ። በ1709 የቤቱ አስተዳዳሪዎች ውሉን ሳያድሱለት ቀሩ፤ የተመለሰው በ1711 ነው። በመካከሉ ሙዚቃው አልቆመም። እኔን ከቪቫልዲ ይልቅ የሚገርመኝ ይኸኛው ነው። ሙዚቃው ያልቆመው ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስተምሩ ስለነበረ ነው። አንዲት ልጅ ትምህርቷን ስትጨርስ መምህርት ትሆናለች፤ ከእሷ በኋላ የመጡትን ትይዛለች። ትንሿ ልጅ የምታየው ከሩቅ የመጣ ታላቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ ትናንት እንደ እሷ በዚያ ግድግዳ በኩል የገባች፣ ዛሬ ቫዮሊን የምታስተምር ሴት በየዕለቱ አጠገቧ አለች። ልጆችን ወደ ሙዚቃ የሚስበው ይህ ይመስለኛል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ መሣሪያ ገዝተን ልጁን ብቻውን እንተወዋለን።

ነገሩን ማሳመር ግን አልፈልግም። በሩ የተዘጋ ነበር። ለማግባት የምትወጣ የመዘምራን ልጅ ከእንግዲህ በአደባባይ እንዳትጫወት ቃል እንድትገባ ትደረግ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የደከመችበትን ሙያ ደጃፉ ላይ ጥላ ትሄዳለች ማለት ነው። በዚህ ረገድ ማዳሌና ሎምባርዲኒ ዕድለኛ ናት። እሷ ተጥላ የተገኘች ሳትሆን ሜንዲካንቲ በተባለው በሌላው የቬኒስ ማሳደጊያ ተፈትና የገባች ናት። ዝነኛው ቫዮሊኒስት ታርቲኒ አስተምሯታል፤ በ1760 የቫዮሊኑን ቀስት እንዴት እንደምትይዝና ምን ምን እንደምትለማመድ በደብዳቤ ጻፈላት፤ ደብዳቤውም ኋላ ታትሞ ለሌሎች ተማሪዎች መማሪያ ሆነ። በ1767 ሙዚቀኛ አግብታ ወጣች፤ በፓሪስና በለንደን መድረክ ላይ ቆመች፣ የራሷንም ድርሰቶች አሳተመች።

አና ማሪያ ባለቫዮሊኗ ግን ከፒየታ አልወጣችም። ከቫዮሊን ሌላ ቼሎና ማንዶሊንም ትጫወት ነበር፤ በ1737 የመዘምራኑ መምህርት ተባለች። ቪቫልዲ በ1741 በቪየና በድህነት ከሞተ በኋላ 41 ዓመት ኖራ በ1782 ዐረፈች። ስሟ ያለበት የቫዮሊን ኖታ መጽሐፍ ዛሬም በቬኒስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገኛል።