የሰፈራ ዘመን በልጆች ጆሮ፦ ታሪክን ከማን ደጃፍ እንጀምር?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ሰፋሪ ወደ ሌላ ሕዝብ ምድር የገባበትን ዘመን ለልጆች በድምፅ ስንተርክ፣ ታሪኩን የምንጀምረው ከማን ደጃፍ ነው? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የታሪክ ሙያን መሠረት ይነካል።

በቅድሚያ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አሜሪካዊቷ ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመችው ዝነኛ የልጆች መጽሐፍ ቤተሰቧ በካንሳስ የሰፈረበትን ጊዜ ትተርካለች። ጎጆው የተቀለሰው በኦሴጅ ሕዝብ ይዞታ ላይ ነበር። የመጀመሪያው እትም ግን ምድሪቱን ሰው እንደሌለባት አድርጎ የሚገልጽ አነጋገር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1953 «ሰው» የሚለው ቃል «ሰፋሪ» ተብሎ ታረመ። ቃሉ ቢታረምም የተራኪዋ መቆሚያ ከሠረገላው አልወረደም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ወደ ድምፅ ሲለወጥ ችግሩ ይጠነክራል። አንባቢ ገጹን መልሶ ገልጦ ሊመረምር ይችላል፤ የሚያደምጥ ልጅ ግን የወደደውን ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል፤ ድምፁ ያላየውን ሰው እርሱም አያይም። የኦጂብዌ ተወላጇ ሉዊዝ ኧርድሪክ እ.ኤ.አ. በ1999 ያንኑ ምዕተ ዓመት ከነባሩ ሕዝብ ቤት ውስጥ የሚተርክ የልጆች ልብ ወለድ ማቅረቧ ለዚህ ክፍተት እንደ መልስ ሊነበብ ይችላል።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደዚህ ምድር ዘለቀ፤ አካባቢውም በመንግሥት አጠራር «ደራሳ» ይባል ነበር። ክስተቱን አንዳንድ ምሁራን አገር ግንባታ፣ ሌሎች ወረራ፣ ሌሎችም ቅኝ ግዛት ይሉታል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ይሁንና በገበሬው ጓሮ የሆነው ነገር በስያሜ ምርጫ አይለወጥም። ነፍጠኛው በጥሬ ገንዘብ ደመወዝ ፈንታ በማዕረጉ ልክ ገባር ይመደብለት ነበር። ገባሩ ግብር ከመክፈሉም በላይ ለጌታው ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሸከማል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። ቡና ዋጋ እያወጣ ሲሄድ መሬት በቃላድ ተለካ፤ ብዙው ገበሬ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚጪሌ ያደረጉት አመፅ የዚህ ሥርዓት ውጤት ነው። በጦር የተነሡት ገበሬዎች በጠመንጃ ተመቱ። ሥርዓቱ በሕግ ያከተመው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ይህን ዘመን ለወርቃ ወይም ለዲላ ልጅ በድምፅ የሚተርክ ሰው ሦስት ነገሮችን ሊያስብ ይገባል እላለሁ።

አንደኛ፣ ታሪኩ በጦሩ መምጣት መጀመር የለበትም። ምድሪቱ ባዶ አልነበረችም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰትና ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት፣ ትውልዶች ያበጁት ሥራ ነው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ይዳኙ ነበር፤ የባሌ ሥርዓትም ትውልድን በእርከን ያስተዳድር ነበር። ልጁ መጀመሪያ የእንሰት ፍቂያን ድምፅ ይስማ፤ የፈረስ ኮቴ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያን ጊዜ የመጣው ምን እንደ ነካ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ሰፋሪው አንድ ወጥ መልክ አይሰጠው። ሠራዊቱ የአንድ ብሔር ብቻ አልነበረም። ሲዳሞን ለረጅም ጊዜ የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ራሳቸው በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። የተማረከ ልጅ አድጎ በሌላ ሕዝብ ላይ ሲሾም ማሳየት የገባሩን ሸክም አያቀልም፤ ልጆችን ግን ሥርዓትንና ዘርን ለይተው እንዲያዩ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ በደሉ በስሙ ይነገር፤ ዕዳው ግን ለዛሬ ልጆች አይውረስ። የነፍጠኛና የገባር የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ክፍል ይማራሉ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። መፈናቀልን በዓይኑ ላየ ልጅ የመሬት ታሪክ ተረት አይደለም። በደልን መደበቅ አመኔታውን ያሳጣናል፤ በደልን ለቂም ማቀጣጠያ ማድረግ ደግሞ ሌላ መፈናቀልን ያዘጋጃል።

ድምፅ ለዚህ ሥራ እንግዳ መሣሪያ አይደለም። የጌዴኦ ታሪክ አብዛኛው በቃል የተጠበቀ ነው። በአገር ደረጃም ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያላነበበ ሁሉ የጭሰኛንና የባላባትን ዓለም በጆሮው አውቆታል። ስለዚህ የሚጎድለን ባህሉ አይደለም። የሚያስፈልገን ማስረጃን የሚመረምር የታሪክ ተማሪ፣ የሽማግሌዎችን ቃል በጌዴኡፋ የሚቀርጽ አጥኚና ለልጅ መተረክ የሚችል ድምፅ በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ነው።

ሚጪሌ ላይ የነበሩትን የሚያስታውሱ አረጋውያን ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል። ቃላቸው ዛሬ ካልተቀረጸ፣ ነገ ለልጆች የምንተርከው መዝገብ ጸሐፊው ከቆመበት ደጃፍ ያየውን ብቻ ይሆናል።