የተደጋገመ ምስል፣ ያልታተመ ፊት

ምስል የሚሰበስብ ሰው ውሎ አድሮ መቁጠሩ አይቀርም። የስፖርተኞቹን ካርዶች በየስማቸው ደርድሮ ከሁሉ ይልቅ የተደጋገመው ማን እንደሆነ ሲደርስበት፣ የዘመኑን ጀግና ያገኘ ይመስለዋል። ለመሆኑ የምስል ብዛት የጀግንነት መለኪያ ሊሆን ይችላልን? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መልሱን የዚህ ዓይነቱ ስብስብ ከተስፋፋበት ከአሜሪካ የቤዝቦል ታሪክ እንፈልግ።

እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ድረስ የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ በየሲጋራው ፓኮ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾች ባለቀለም ምስል የታተመበትን ትንሽ ካርድ ይጨምር ነበር። በ1890 የተቋቋመው ይህ ኩባንያ የአገሪቱን የትምባሆ ገበያ ጠቅልሎ የያዘ ሞኖፖል ስለነበር፣ በ1911 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲከፋፈል ተደርጓል። ካርዱ በፊቱ ተጫዋቹን፣ በጀርባው የሲጋራውን ስም ያሳያል። የተጫዋቹ ዝና የትምባሆው ገበያ አድማቂ ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

እነዚህ ካርዶች ዛሬ የሚታወቁበትን «ቲ 206» የተባለ መለያ የሰጣቸው ጄፈርሰን በርዲክ የሲራክዩስ ከተማ ተራ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቁርጥማት እጆቹን እያኮማተረበት፣ ከ300,000 በላይ የሆኑ ካርዶቹንና ልዩ ልዩ የኅትመት ውጤቶቹን በኒውዮርክ ለሚገኘው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም አበርክቶ በአልበም ሲያደራጅ ኖረ። ሥራውን በ1963 መጀመሪያ ፈጽሞ ከሁለት ወር በኋላ ዐረፈ።

እንግዲህ ከ520 በላይ ዓይነት ካርዶች ያሉትን ይህን ስብስብ የሚቆጥር ሰው ምን ያገኛል? ታላቁ ታይ ኮብ በአራት ልዩ ልዩ ምስሎች ቀርቧል። በአምስት ምስሎች የሚበልጠው ግን ሃል ቼዝ ነው። ይህ ሰው ከቁማርተኞች ጋር ተመሳጥሮ ግጥሚያ ይሸጣል ተብሎ በተደጋጋሚ የተወነጀለ፣ በ1918 የገዛ ቡድኑ ያገደው፣ ከ1919 በኋላም በታላላቆቹ ሊጎች ያልታየ ተጫዋች ነው። በአንጻሩ በ1936 ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ ከተመረጡት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች አንዱ የሆነው ሆነስ ዋግነር ያለው አንድ ምስል ብቻ ነው። የዚህም ካርድ ኅትመት በእርሱ ተቃውሞ ምክንያት ገና በጅምሩ ተቋርጧል። ከፊሉ ሰው ሕፃናት በእርሱ ምስል ሳቢያ ትምባሆ እንዲገዙ ስላልፈለገ ነው ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ ተገቢው ክፍያ ስላልቀረበለት ነው ይላል። ያም ሆነ ይህ፣ ያ እንዳይታተም የተከለከለ ወረቀት በ2022 በ7,250,000 ዶላር ተሸጧል።

ይሁን እንጂ ከተደጋገመውና ከተቋረጠው ምስል ይልቅ የሚያሳዝነው ከቶ ያልታተመው ነው። ካርዶቹ በታተሙባቸው በእነዚያው ዓመታት ጥቁሩ ሩብ ፎስተር በቺካጎ ኳስ በመወርወር ችሎታው ስመ ጥር ነበር። በ1920 የጥቁሮችን ብሔራዊ ሊግ የመሠረተውም እርሱ ነው። ሆኖም ታላላቆቹ ሊጎች በቆዳ ቀለም አጥር የታጠሩ ስለነበሩ በስብስቡ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አይገኝም። አጥሩ የፈረሰው ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ሜዳ ሲገባ ነው። ፎስተርም ወደ ክብር አዳራሹ የገባው ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1981 ነበር።

ከዚህ የምንረዳው የስብስብ ቁጥር ሐሰት መሆኑን አይደለም። ቁጥሩ በትክክል የሚመሰክረው ግን ስለ ተጫዋቹ ብቃት ሳይሆን ስለ አሳታሚው ምርጫ ነው። ስለዚህ መምህሩም ሆነ የኪነ ጥበብ ሰው፣ ያለፈውን ዘመን ከተረፉት ምስሎች ለመረዳት ሲነሣ፣ ማን ስንት ጊዜ ታየ ብሎ ከቆጠረ በኋላ ሁለት ጥያቄዎችን ማስከተል ይገባዋል። ያሳተመው ማን ነው? ያልታየውስ ማን ነው? በርዲክ በታመሙ እጆቹ የተገኘውን ሁሉ ሰብስቦ አቆይቶልናል። የጎደለውን መፈለግ የእኛ የአንባቢዎቹ ድርሻ ነው።